የጦር ሜዳ ደብዳቤ ሁለት ቀን አለው፦ ለታመመች ሚስት የተጻፉ የፍቅር ደብዳቤዎችን ስለ ማቆየት፣ ስለ ማደራጀትና ስለ ማንበብ

በጎጃም ብዙ ቤቶች ውስጥ፣ ከሣጥን ሥር ወይም ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ዘንቢል ውስጥ፣ በክር የታሰረ የደብዳቤ ጥቅል አይጠፋም። ባለቤቶቹ ሲያልፉ ጥቅሉ ለልጅ ወይም ለቅርብ ዘመድ ይደርሳል፤ የደረሰውም ሰው ወይ ሳይፈታው ያኖረዋል፣ ወይ በአንድ ሌሊት ከላይ እስከ ታች አንብቦት፣ አልቅሶ፣ መልሶ ያስረዋል። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም የተሻለ ነገር ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። በጦርነት ጊዜ የተጻፉ የፍቅር ደብዳቤዎች፣ በተለይም ቤት ታማ ለቀረች ሚስት ወይም ታሞ ለቀረ ባል የተላኩ ደብዳቤዎች እጁ የገቡ ሰው፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያቆያቸው፣ በተራቸው እንደሚያስቀምጣቸውና እንደሚያነባቸው ያስረዳል።

የምናገረው በአንድ ጥቅል ላይ ከሠራሁት ሥራ ተነሥቼ ነው። የአክስቴ ባል በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ፣ ኋላም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ የአማርኛ መምህር የሆነ፣ ግጥምና አጫጭር ታሪኮችም የሚጽፍ ሰው ነበር። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ በእናት አገር ጥሪ ከዘመቱት አንዱ ሆኖ፣ በታጠቅ የጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሄደ። አክስቴ ደብረ ማርቆስ ቀረች፤ በዚያው ሰሞንም ሳንባዋን ታመመች። ከነሐሴ 1969 እስከ ሰኔ 1970 ዓ.ም. ድረስ 31 ደብዳቤዎች ጽፎላታል። እርሱም በሕይወት ተመለሰ፣ እርሷም ዳነች፤ እንዲያውም ታማሚዋ ዘማቹን ቀብራ ብዙ ዓመት ኖረች። ሥራውን የጀመርኩት እርሷ በሕይወት ሳለች ስለነበር፣ ወረቀቱ የማይመልሰውን ጥያቄ የምትመልስ ሰው አጠገቤ ነበረችልኝ፤ ይህ ዕድል ያለው አንባቢ ዛሬውኑ ቢጀምር ይሻለዋል።

ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባው ነገር የጦር ሜዳ ደብዳቤ ሁለት ቀን ያለው መሆኑ ነው፤ አንዱ የተጻፈበት፣ ሌላው የደረሰበት። ለጤነኛ ሰው በተላከ ደብዳቤ በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ የፖስታ መዘግየት ነው፤ ተጻፈ፣ ቆየ፣ ደረሰ፣ አለቀ። ለታመመ ሰው በተላከው ላይ ግን ሌላ ነገር ይፈጠራል። ጸሐፊው የሚያጽናናት ሴት ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት የነበረችው ሴት ናት፤ ደብዳቤውን የምታነበው ደግሞ ወይ ከዚያ የባሰባት፣ ወይ የተሻላት ሌላ ሴት ናት። እርሱ «ሳሉ ቀነሰልሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሳሉ ቀንሶ ትኩሳት ተተክቶ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለቱንም ቀን ፈልገን ካላገኘንለት፣ ቃሉን ብናነብም የተባባሉትን አናውቅም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ፣ የወረቀቱ አያያዝ ሳይቀር፣ ሁለቱን ቀናት ላለማጣት የሚደረግ ነው።

ጥቅሉን ከመፍታት በፊት

ክሩን ከመፍታታችሁ በፊት ጥቅሉን እንዳለ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሱት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። ደብዳቤዎቹን ያሰረው ሰው በምን ተራ እንደደረደራቸው የሚነግረን ከዚህ በኋላ አይገኝም። ከዚያ በኋላ የየአንዳንዱን ፖስታ ጥግ በስሱ እርሳስ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ስጡት፤ በእስክሪብቶ ግን ምንም አትጻፉ። ደብዳቤው ከፖስታው ከወጣ ሁለቱም ተመሳሳይ ቁጥር ይያዙ።

እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይበቃል። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ ስስ ወረቀት የሚቀደደውም ብዙ ጊዜ በደነዘዘ ጣት ነው። የዛገ ስፒል ካለ፣ እግሩን ከጀርባ በኩል በስስ ቢላዋ ቀና አድርጎ ማውጣት እንጂ ከፊት መጎተት አይገባም። እጥፋቱ የደረቀውን ደብዳቤ በኃይል አትዘርጉት፤ የተከፈተለትን ያህል ከፍታችሁ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከላይና ከሥር አድርጉለትና ቀለል ያለ መጽሐፍ ጭናችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍና ላሚኔት ማስደረግ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው፤ የፕላስተሩ ሙጫ በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይበላዋል፣ ላሚኔት ደግሞ ከተደረገ በኋላ መመለሻ የለውም።

ማጽዳትን በሚመለከት የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከፖስታዎቹ አንዱ ጀርባው በእርሳስ ጭረት ተሞልቶ አገኘሁትና ልጅ የጫጫረው መስሎኝ በላጲስ አጸዳሁት። ሁለተኛው ፖስታ ላይ ተመሳሳይ ጭረት ሳይ ደነገጥኩና ወደ አክስቴ ይዤ ሄድኩ። ፖስታውን አገላብጣ አየችና «መርፌዬን አይደል እንዴ!» አለችኝ። በዚያ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ዛሬ ካለው በጣም ረዥም ነበር፤ እንክብሉ ከዓመት ያላነሰ ይወሰድ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደግሞ በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ይወጋ ነበር። እርሷ 60 መርፌ ታዞላት፣ የሰፈሩ ድሬሰር (የጤና ረዳት) አንዱን በወጋት ቁጥር፣ በቅርቡ በደረሳት ደብዳቤ ፖስታ ጀርባ ላይ አንድ ሰረዝ ታሰምር ነበር። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ ቆጠራው ወደ አዲሱ ፖስታ ይሻገራል። እኔ በላጲስ ያጠፋሁት እንግዲህ የአንዲት በሽተኛ ሴት የቀን መቁጠሪያ ኖሯል። እርሷ ስቃ አለፈችው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይዤ አቧራ ከማራገፍ በቀር ምንም ነገር አላጸዳሁም፣ ሌላውም እንዳያጸዳ እመክራለሁ።

ፎቶግራፍ ማንሣት

ጥሩ ብርሃን የሚገኘው ከጠዋቱ በመስኮት አጠገብ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ እንዳታርፍ፣ የስልኩም ፍላሽ እንዳይበራ። ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። የደብዳቤው ፊትና ጀርባ፣ ባዶ የሚመስለው ገጽ ሳይቀር፣ የፖስታው ፊት፣ ጀርባ፣ የክዳኑም ውስጥ ይነሡ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር ብትሰይሙት በራሱ በተራው ይሰለፋል፤ ኅዳር ሦስተኛ ወር ነውና የኅዳር 12 ቀን 1970 ደብዳቤ «1970-03-12» ይባላል።

የደበዘዘ ወይም የጠፋ እርሳስ ሲያጋጥም የሚጠቅም አንድ ዘዴ አለ። ሲመሽ መብራቱን አጥፉ፣ ባትሪውን ከወረቀቱ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና ብርሃኑ ወረቀቱን እየታከከ እንዲያልፍ አድርጉ። እርሳሱ ቢጠፋም የተጫነበት ቦይ አይጠፋም፤ በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል። ያን ያጠፋሁትን ፖስታ በዚህ መንገድ ሁለት ምሽት ስቆጥረው 43 ሰረዝ አገኘሁ። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተጻፈበትን ቀን ማውጣት

ብዙው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሙሉ አድርጎ ከጻፈ ጥሩ፤ ነገር ግን ቤተ ክህነት የተማረ ሰው ቁጥሩን በግእዝ ስለሚጽፍ ፷ን ከ፸፣ ፮ን ከ፯ ማምታታት ቀላል ነው። ፲፱፻፷፱ ተብሎ የተጻፈው 1969፣ ፲፱፻፸ ተብሎ የተጻፈው 1970 ነው። በፖስታው ላይ ያለው የፖስታ ቤት ማኅተም በፈረንጅ ቀን ከሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር ከመለሳችሁ በኋላ ብቻ መዝግቡት።

ብዙ ጊዜ ግን ዓመቱ የለም። «ሰኞ፣ ለኅዳር ሚካኤል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ቢገጥማችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ዓመቱን የዕለቱ ስም ያወጣዋል። የአንድ ቀን ዕለት በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ይገፋል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ሁለት ይዘላል። ኅዳር 12 በ1969 ዓ.ም. እሑድ፣ በ1970 ሰኞ፣ በ1971 ማክሰኞ ዋለ፤ 1971 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ በ1972 ወደ ሐሙስ ዘለለ። እንግዲህ «ሰኞ፣ ለኅዳር ሚካኤል» የ1970 ዓ.ም. ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ወንጌላዊውን ከጠቀሰ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። 1970 በዚህ ሒሳብ ዘመነ ማርቆስ ይሆናል፤ ለደብረ ማርቆሷ ሚስቱ ሲጽፍ «ዘመኑ ያንቺው አጥቢያ ነው» ያለበትን መስመር የተረዳሁት ይህን ካሰላሁ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያስደስተው በተንቀሳቃሽ በዓል የሚወጣው ቀን ነው። በጥቅሉ ውስጥ ቀን፣ ወር፣ ቦታ የሌለው አንድ ገጽ ነበር፤ ለሥራው የረዳኝ ፍንጭ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ቅበላው እሑድ ተራራውን ያዝነው፤ ሥጋ ሳንቀምስ ጾሙ ገባብን።» የ1970 ፋሲካ ሚያዝያ 22 ነበር፤ ከዚያ 55 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር ዐቢይ ጾም የካቲት 27፣ ሰኞ ይገባል። የቅበላው እሑድ እንግዲህ የካቲት 26 ነው፤ ይኸውም በመስከረም ተይዛ የነበረችው ጅጅጋ ነፃ የወጣችበት፣ እስካሁን የካራማራ ድል ተብሎ የሚታሰበው ዕለት ነው። ተራራውን በስሙ አልጠራውም። ከጦር ሜዳ የሚጽፍ ሰው የቦታ ስም አያወጣም፤ በዓሉን ግን አይደብቅም፤ ለሚስቱ ሲጽፍ በዓል ስም ሳይሆን ምግብ ነውና።

የደረሰበትን ቀን ማውጣት

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ፖስታ በየቤቱ አይታደልም ነበር፤ ደብዳቤ የሚመጣው በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ካልሆነም ለእረፍት በሚመለስ ወይም ቆስሎ በሚሸኝ ሰው እጅ ነበር። ከሐረርጌ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንድ ወጥ መልስ የለም። ስለዚህ የመድረሻውን ቀን በግምት አትሙሉት፤ በወረቀቱ ላይ ፈልጉት።

የመጀመሪያው ቦታ የፖስታው ጥግ ነው። ተቀባዮች «ደረሰኝ» ብለው ቀን የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። አክስቴ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነበራትና ቀኑን በቅዱሳን ስም ትጽፍ ነበር፤ «ለአቦ ደረሰ»፣ «ለማርያም ደረሰ» ትላለች። አቦ 5፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ወሩን ግን ከደብዳቤው ጋር አገናዝቦ ማውጣት ይኖርበታል። ሁለተኛው ቦታ የሚቀጥለው ደብዳቤ ነው፤ «ለጥምቀት የጻፍሽልኝ ደረሰኝ» የሚል መስመር የእርሷንም መልስ ቀን ይሰጣል። ሦስተኛው እንደ እኛ ቤት ያለ ያልተጠበቀ ምልክት ነው፤ የሰረዝ ቆጠራ፣ የወተት ሒሳብ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ በፖስታ ጀርባ ላይ የተጻፈ ማንኛውም የቤት ጉዳይ። ፖስታ የማይጣለው ለዚህ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰፊ ደብተር ላይ በአምስት ዓምድ አስፍሩ፦ ቁጥር፣ የተጻፈበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ በሁለቱ መካከል ያለው የቀን ብዛት፣ ቀኑን በምን እንዳወቃችሁ። አምስተኛውን ዓምድ አትዝለሉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን በእርሳስ፣ የተረጋገጠውን በእስክሪብቶ መጻፍ ለኋላ ሥራ ያቃልላል።

መገልበጥ

ደብዳቤውን ስትገለብጡ ፊደሉን አታርሙ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ ጸና ፀ እንደ ተጻፉ ይሁኑ። «ከቤት» ለማለት «ኸቤት»፣ «ከዚያ» ለማለት «ኸዚያ» ያለው ሰው ስሕተት አልሠራም፤ እንደ አገሩ ጽፏል። መምህር ስለነበረ ለሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ «ከ» ይላል፣ ለእርሷ ሲጽፍ «ኸ» ይላል፤ ይህን ለውጥ ብናርመው የፍቅሩን ድምፅ እናጠፋዋለን። ያልተነበበ ቃል ሲኖር በቅንፍ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት እንጂ ተስማሚ ቃል አትፍጠሩለት።

የሰላምታውን ቀመርም አትዝለሉ። «ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፤ እኔ ኸናንተ ናፍቆት በቀር ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለው በዚያ ዘመን ሁሉም የሚጽፈው ስለሆነ ዐይን ያልፈዋል። ቀመሩ ግን ዋጋ የሚያወጣው ሲለወጥ ነው። አክስቴ መታመሟ ለእርሱ የተነገረው ከአምስተኛው ደብዳቤ በኋላ ይመስለኛል፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ብለው ይጀምራሉ፣ ከስድስተኛው ጀምሮ ግን ይህ ሐረግ ከመክፈቻው ይጠፋና ወደ መጨረሻው መስመር ይወርዳል፤ ያውም «ጤናሽን» ብቻ ሆኖ፣ ግስ ሳይኖረው። ለታመመ ሰው «እንደምን አለሽ» ተራ ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ መልሱ የሚፈራ ጥያቄ ስለሚሆን፣ የቃል ሰው የሆነው ባል እንደ ወግ አድርጎ መጻፍ አላስቻለውም። በየደብዳቤው መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ለብቻው ተገልብጦ ቢደረደር ይህን የመሰለ ለውጥ በአንድ ዐይን ይታያል።

በሽታውም በስሙ አይጠራም። «ያ ነገር»፣ «የደረትሽ ጉዳይ»፣ «እንግዳው» ይባላል። በዚያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ቤተሰብን የሚያሳፍር፣ ጎረቤትን የሚያርቅ ሕመም ስለነበረ ደብዳቤው በሌላ ሰው ቢነበብ እንኳ እንዳይታወቅ ታስቦ ነው። የእያንዳንዱን መሸፈኛ ቃል ትርጉም በደብተሩ መጨረሻ ላይ መዝግቡ፤ የመድኃኒትና የሕመም ቃል ሲያጠራጥራችሁም በዕድሜ የገፋ የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

የጠፋውን ግማሽ መፈለግ

ከጦር ሜዳ ወደ ቤት የተላከ ደብዳቤ ይተርፋል፤ ከቤት ወደ ጦር ሜዳ የተላከው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። በእኛም ጥቅል ውስጥ አክስቴ ከጻፈቻቸው አንድም የለም። ይሁን እንጂ የእርሱ መልስ የእርሷን ቃል ይዟል። በደብተሩ ሌላ ገጽ ላይ «አልሽኝ»፣ «ብለሻል»፣ «ስለ ጠየቅሽኝ» የሚሉ መስመሮችን ሁሉ በተራ ልቀሟቸው። ከጥር መጨረሻ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ «መርፌው እጅሽን አደነዘዘው ወይ? ስንት ቀረሽ?» ይላል፤ መርፌው ያለቀው ጥር 7 ሲሆን፣ ደብዳቤው የደረሳት በየካቲት ነው። እርሱ መርፌ ላይ ሳለች ያያታል፣ እርሷ እንክብል ላይ ናት። ይህን ገጽ የሚሠራ ሰው እንደኔ ለታማሚዋ ድምፅ ያደላ ይሆናል፤ ጥፋት አይመስለኝም፣ ጥቅሉን ሠላሳና አርባ ዓመት ያቆየችው እርሷ ናትና።

በሕይወት ያለ ሰው ስትጠይቁ «ስለዚያ ጊዜ ንገሪኝ» አትበሉ፤ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚያመጣው ለልጅ ልጅ የሚነገረውን ተረት ነው። አንድ ወረቀት እጇ ላይ አስቀምጡና አንድ መስመር ብቻ አንብባችሁ «ይህ ምንድን ነው?» በሉ። ስትደክም ማቆም፣ ደግሞም ቡና በሚፈላበት ሰዓት መሄድ ይመረጣል።

ሰሙና ወርቁ፣ የማይታየውም ጥብቀት

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድ ቃል ሁለት ነገር መያዙን እንደ ልማድ ውሰዱት። ይህ ግን አንባቢን ወደ ሌላ ጥፋት ይወስዳል፤ ሁሉንም መስመር ቅኔ አድርጎ መፍታት። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ሰሙ ብቻውን ሙሉ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነና ወርቁን የሚጠቁም ሌላ ምልክት በደብዳቤው ውስጥ ከሌለ፣ ተራ ቃል ነው ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ያልታሰበ ሁለት ትርጉምም ይወለዳል። «ወገኔ ይመታል» የሚለው ሲላላ መቺ፣ ሲጠብቅ ተመቺ ያደርገዋል፤ በጦርነት ደብዳቤ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥም በአንዱ ንባብ አትጽኑ፤ ሁለቱንም ጻፉና ሁለቱን ቀናት ጠይቁ።

የእኛ ቤት ምሳሌ የኅዳር 12ቱ ደብዳቤ ነው። መጨረሻው ላይ «አይዞሽ ሸጋዬ፤ ገና እመጣለሁ» ይላል። ገና ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም፣ ቆይቼ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ከግንባር ሆኖ በኅዳር 12 ለሚጽፍ ሰው በዓሉ 47 ቀን ይቀረዋል፤ ፈቃድ የማግኘት ተስፋም አልነበረውም፣ በዚያው ደብዳቤ «መቼ እንደምንመለስ አንድዬ ያውቃል» ብሏልና። በተጻፈበት ቀን ካነበብነው ገና ላልቶ ይነበባል። የደረሳት ግን ከ39 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 21 ነው፤ በፖስታው ጥግ «ለማርያም ደረሰ» ትላለች። ለገና የቀረው ስምንት ቀን ነበር። ስምንት ቀን ሲቀረው ደብዳቤ የደረሳት፣ ከኅዳር 5 ጀምሮ አንድም ወረቀት ያላየች በሽተኛ ሴት ያን ቃል አጥብቃ ከማንበብ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

ሰረዞቹን አሁን እንቁጠራቸው። መርፌው የተጀመረው ኅዳር 8 ነው፤ እኔ በላጲስ ያጠፋሁት ፖስታ ለኅዳር አቦ የደረሰው ነበር፣ ከኅዳር 8 እስከ ታኅሣሥ 20 ያሉትን 43 መርፌዎች ይዟል። ቆጠራው ከዚያ ወደ ኅዳር 12ቱ ደብዳቤ ፖስታ ይሻገራል። በዚህኛው ላይ ስምንት ሰረዝ አለ፤ ቀጥሎ የአንድ ሰረዝ ባዶ ቦታ፤ ቀጥሎ ደግሞ ስምንት ሰረዝ። ድምሩ 59 ነው፤ የታዘዘላት 60። ባዶው ቦታ ታኅሣሥ 29 ላይ ይውላል። ስለ ባዶው ቦታ ስጠይቃት ጥቂት ዝም ብላ፣ ድሬሰሩ ቤት ድረስ መሄድ ነበረባት፣ «መጥቶ ደጁን ተዘግቶ ቢያገኘውሳ ብዬ ቀረሁ» አለችኝ። እርሱ እስኪሞት ድረስ «ቆይቼ ማለቴ ነው» ሲል፣ እርሷ «የጻፍከውን አንብቤአለሁ» ስትል እንደኖሩ ልጆቻቸው ያውቃሉ። ምን ማለቱ እንደነበረ እኔ አልፈርድም፤ ሰውየው ቅኔ ዐዋቂ ነበርና ሁለቱንም አስቦ ቢሆንስ?

ለማን ይነበብ?

ወረቀቱ የተቀባዩ ወይም የወራሹ ነው፤ ቃሉ ግን የጸሐፊው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 31 ምስጢርነት ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይከለክላል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የጸሐፊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ያደርጋል። ማሳተም የሚያስብ ሰው ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ወራሾች በጽሑፍ ያስፈቅድ። የበሽታው ስም ይውጣ አይውጣ የሚለውም ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ እኛ ዘንድ ልጆቿ እሺ ቢሉም አክስቴ ራሷ በሕይወት ሳለች «ከሞትኩ በኋላ» ስላለች እስክታልፍ ቆይተናል። በደብዳቤው ውስጥ ስማቸው የተነሣ ጎረቤቶችና የጦር ጓዶች በፊደል ብቻ ይጠቀሱ።

ቅጂውን ከሦስት ቦታ ባላነሰ አስቀምጡ፤ አንድ በቤት፣ አንድ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ፣ አንድ በኢሜይል ወይም በሌላ የኢንተርኔት ማስቀመጫ። ቤተሰቡ ከፈቀደ ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት ማነጋገር ይቻላል።

ዋናዎቹን ደብዳቤዎች በነጭ ወረቀት ለይታችሁ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስተኟቸው። ጋዜጣ አትጠቅልሉባቸው፣ በፌስታልም አታፍኗቸው፤ ጋዜጣ ራሱ ቢጫ ሆኖ ያበላሻል፣ ፌስታል የክረምቱን እርጥበት ይዞ ያሻግታል። ካርቶኑ ከጭቃ ግድግዳ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ ምስጥ፣ ከምድጃ በላይ ጢስ አለ። የጎጃም ክረምት ረዥም ስለሆነ በየዓመቱ በጥቅምት፣ ዝናቡ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠና፣ ካርቶኑን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አናፍሱት። እኔ የማናፍሰው ለጥቅምት ማርያም ነው፤ ከፖስታው ጥግ ያለው የአክስቴ ጽሕፈት ያስለመደኝ ቀን ሆኖ ቀርቷል።